የመሣሪያዋ ግምገማ፣ የእኔም ግለ ሒስ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ጓደኞቼ፤

ጡረታ ለሚወጣ አንድ ሾፌር ብላችሁ በግ አርዳችሁ፣ የግማሽ ቀን ሥራ አቁማችሁ ስለተሰበሰባችሁልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ምስጋናዬ ከልብ ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው ግን ደስ አያሰኝም።

በዚህ ድርጅት ግምገማ የሚጀመረው ከግለ ሒስ ነው። እኔም ከዚያው ልጀምር። ያን ቀን አልተኛሁም ነበር።

የትኛውን ቀን እንደምል የስምሪት ኃላፊያችን አቶ ጸጋው ያውቃሉ። አዲሶቹ ታገሱኝ፣ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የምገመግማት አለች። ይቺውላችሁ፤ ከመኪናው መስታወት ነቅዬ ይዣት መጥቻለሁ።

ጂፒኤስ። መንገድ ጠቋሚ መሣሪያ። እኛ ሾፌሮቹ «ካድሬዋ» እንላታለን፤ አፏ አያርፍም፣ ያየችውን ደግሞ ለአለቃ ታቀብላለች። እኛ በየጊዜው ስንገመገም እሷ አንድም ቀን ተገምግማ አታውቅም። ለምን? ከውጭ ስለመጣች ነው?

ጠንካራ ጎኗን አልደብቅም። አበል አትጠይቅም። ጫት አትቅምም። አዲስ አበባ ስንገባ የማናውቀው ሰፈር ድረስ ሳትስት ታደርሰናለች። አንድ ቀን ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ወርዶ፣ ኩርባውን ጨረስኩት ብዬ ልለቀው ስል ገና አንድ እጥፋት እንደቀረኝ አሳየችኝ። ፍሬን ያዝኩ። ከፊቴ ገደል ነበር። ነፍሴን አትርፋለች፤ ይህን ብክድ እግዚአብሔር ይታዘበኛል።

ደካማ ጎኗስ? ጎርፍ የወሰደውን መንገድ ዛሬም ድረስ «ቀጥ በል» ትላለች። ሰኞ የደሴ ገበያ ሲሞላ በበግና በአህያ መሃል ንዳ ትላለች። ፀሐይ ሲመታት ፊቷ አይነበብም። ቆላ ስንወርድ ከመስታወቱ የምትጣበቅበት ጎማ ይላላና ኩርባ ላይ ጭኔ ላይ ትወድቃለች። እንግሊዝኛዋን፣ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰውዬ፣ በግማሽ እሰማዋለሁ፤ እሷ የእኔን አማርኛ ጭራሽ አትሰማም። ይህን ሁሉ እችለው ነበር።

ያልቻልኩት ሌላ ነው። የት እንደቆምክ ታውቃለች፤ ለምን እንደቆምክ አታውቅም። እሷስ ዕቃ ናት። አቶ ጸጋው፣ እርስዎ ግን እሷ የማታውቀውን ከሰው መጠየቅ ትተዋል።

አሁን ለአዲሶቹ ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ከከሚሴ ባዶ መኪና ይዘን ስንመለስ በሺር የሚባል ሾፌራችን ይነዳል፤ እኔ አጠገቡ ነኝ። ሐርቡ አካባቢ ሰዎች በዚያ ሙቀት ጀናዛ ተሸክመው በአስፋልቱ ዳር ይሄዳሉ።

«በሺር፣ አቁም» አልኩት። «ሬሳ በሰው ትከሻ ሲሄድ እኛ አቧራ አልብሰነው ልናልፍ ነው?»

«ጋሼ፣ ይቺ ትናገራለች እኮ» አለኝ፣ መሣሪያዋን በአገጩ እያሳየ።

«ትናገር! እጠፍ!»

ሬሳውንም ሰዎቹንም ጫንናቸው፤ በጥርጊያው መንገድ ወደ ቀበሌያቸው ገባን። እሷ «ተመለሱ፣ ተመለሱ» እያለች ትጮሃለች። ሬሳ አድርሶ፣ አፈር ሳያለብሱ መመለስ በእኛ አገር ነውር ነውና ቀብሩ እስኪያልቅ ቆየን። በሺር ከሰዎቹ ጋር ሰገደ፤ እኔ ከዛፍ ሥር ባርኔጣዬን አውልቄ በሆዴ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ሽማግሌዎቹ ለሁለታችንም ዱዓ አደረጉልን።

በሳምንቱ አቶ ጸጋው መሣሪያዋን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው መስመሩን አዩ። ከአስፋልት ወጥቷል፣ ሥራ በሌለበት ቦታ ቆሟል፣ ስለዚህ ነዳጅ ሸጧል ተባለ። በሺር እውነቱን ተናገረ። ኮሚቴው ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሽ ኃይለ ሚካኤል፣ እርስዎ አብረው ነበሩ። ምን አዩ?»

«ተኝቼ ነበር።»

በዚያ ሰሞን ዋና ሾፌርነቱ ለእኔ ሊሰጥ ታስቦ ነበር። ተሰጠኝም። በሺር አየኝ። አሁን ይጮህብኛል ስል፣ «እውነት ነው፣ ደክሟቸው ነበር» ብሎ ሸፈነኝ። እሱ ተባረረ።

አምና ባለቤቴ የኔነሽ ያረፈች ቀን፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቴ አስከሬኗ ሲወጣ ከፊት የተሸከመው ማን ነበር? በሺር። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አድርሷት፣ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ለምን እንደቆመ የሚመዘግብ መሣሪያ ያላችሁ አሳዩኝ!

ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ሚካኤል ነገርኳቸው። «ለእግዚአብሔር ነግረኸዋል፤ ደግ። በሺርስ ከማን ይስማ?» አሉኝ። ከዚያም በኋላ ሆጤ፣ በሺር ሰፈር፣ በደጁ ስንት ጊዜ አለፍኩ፤ ፍሬን አልያዝኩም። ካድሬዋም ምንም አላለችኝም። ከመንገዴ አልወጣሁማ!

ኮሚቴው እዚሁ አዳራሽ አለ። ምስክርነቴ ይኸው፦ እጠፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ነዳጅ አልተሸጠም። በሺር ወደ ሥራው ይመለስ። ቅጣት ካለ ከእኔ ጀምሩ፤ ጡረታዬ ገና አልተፈረመም፣ አልረፈደባችሁም።

ለምትቀሩት፣ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። ሐረጎን በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ውረዱ። ልጆቻችሁ ደጅ ላይ ሮጠው ይቀበሏችሁ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሜን፣ አሚን በሉ። አቶ ጸጋው፣ ምርቃቴ ለእርስዎም ነው፤ የሚጠይቁት ሰው አያሳጣዎ፣ የሚጠይቁበትን አንደበትም ይስጥዎ።

መሣሪያዋን አስረክቤአለሁ። ዛሬ ጠዋት ከደሴ ስወርድ በርታ ነበር፤ ሆጤ ላይ መኪናው እንደቆመ ታገኛላችሁ። ለምን ቆመ ብላችሁ ሌላ ስብሰባ አትጥሩ። ወርጄ የበሺርን ደጅ አንኳኳሁ። ሚስቱ ራቢያ ከፈተችልኝ። በሺር ወጣ፤ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ አነሳኝ። ቁልፉን ሰጠሁት። ከዚያ እስከዚህ በር ድረስ የነዳው እሱ ነው።