መጀመሪያ የፈረመው

በባለቤቴ ሠልስት ዕለት፣ አቦከር ሰፈር በሚገኘው ቤታችን ደጅ ላይ በተተከለው ድንኳን፣ የድሮ አሠሪው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ባለቤቴ የእሳቸውን የጭነት መኪና ነበር የሚነዳው። ያኔ ሾፌሮቹ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ሲፈርሙ፣ ማን እንደጀመረ እንዳይታወቅ የእኔን ሳህን ወረቀት ላይ ደፍተው ስማቸውን ዙሪያውን ነው የጻፉት።

«ወይዘሮ አልማዝ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «አሁንማ ይንገሩኝ። መጀመሪያ የፈረመው ማን ነበር?»

ፊት ለፊታችን አህመድ ተቀምጧል። የጀመረው እሱ ነው፤ ዛሬም የእሳቸውን መኪና ይነዳል። ሰውየው ደግሞ ቂም አይረሱም። አህመድ ያነሣው የውሃ ብርጭቆ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«ሟቹ ነው» አልኳቸው።

«ጠርጥሬ ነበር! ደፋር ሰው ነበር» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ደፋር! ሦስት ቀን ሙሉ አስለምኖ፣ በመጨረሻ በቀረችው ጠባብ ቦታ ፊርማውን የሸጎጠ ሰው።

አሠሪው ሲሄዱ አህመድ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ ያን ሁሉ ለምነነው መጨረሻ የፈረመ ሰው፣ ዛሬ አንደኛ አወጡት!»

ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።