ነፋሱ ከየት ነው

እንዴት ነሽ አንቺ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? ቀሚሱ አምሮብሻል። ነይ እዚህ ጋ ቁሚ፣ ከዚህ ሲያዩት መብራቱ መስታወቱ ላይ አያንጸባርቅም። ከመስታወቱ ውስጥ ትንሿ ሞዴል መርከባችን በደንብ ትታይሻለች። አዎ፣ ሸራዎቹን የሰፋሁት እኔ ነኝ... ሸራ ሰፊ ማን ያስታውሳል ብለሽ ነው፣ ሰው የሚያየው ባንዲራውን ነው።

አያምርም ባንዲራው? የሠራው ሰው... ስም ምን ያደርጋል፣ የታወቀ ነው። እስቲ ልብ ብለሽ እይልኝ። የሸራዎቹ ሆድ ወደ ፊት ተነፍቷል፤ ነፋሱ ከኋላ እየገፋቸው ነው ማለት ነው። ባንዲራው ደግሞ ወደ ኋላ ይውለበለባል፣ መኪና ላይ እንደሚሰቀለው። በነፋስ የምትሄድ መርከብ ላይ እኮ ባንዲራውም ሸራው ወደሄደበት ነው የሚሄደው። ይህን ሥራ ያስተማሩን ጋሼ ወረንጦ ከማስያዛቸው በፊት የሚጠይቁን ይህንኑ ነበር፣ ነፋሱ ከየት ነው እያሉ።

እኔን የገረመኝ ስህተቱ አይደለም። ያ ሰው ነፋስ ይስታል ብሎ ማን ያስባል? አዲሱ ኃላፊ ሥራ ቤታችን መጥተው የሽማግሌው እጅ እንዴት ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ሁላችንም ጫማ ጫማችንን ስናይ፣ አፉን ሞልቶ የመለሰ እሱ ብቻ ነው። ይንቀጠቀጣል አለ። ሐቀኛ ነው እኮ... በሳምንቱ ጋሼ ቤታቸው ይረፉ ተባሉ፣ ይህችው መርከብ ባንዲራ ብቻ ሲቀራት። ወንበራቸውም ባዶ እንዳይቀር እሱ ተቀመጠበት። ባዶ ወንበር ቤት ያስጠላል፣ አይደል?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። አንበሳው ካረጀማ አንድ ክርም ይበቃል።

ቅድም ጋሼ መጥተው ነበር፣ አላየሻቸውም? ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ባንዲራውን አዩ፣ አዩና፣ ቀስ ብለው ሠሪውን «ልጄ፣ ነፋሱ ከየት ነው?» አሉት። አሳቢ አይደል፣ በርዷቸው መስሎት ሮጦ መስኮቱን ዘጋላቸው። በሩንማ ቀደም ብሎ ዘግቶላቸዋል... ጋሼም ሸራው ጥሩ ነው አሉኝና ወጡ።

ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ስለ ሌላ ሰው እኮ ነው የማወራው። ያንቺን ባል ማን ይነካዋል? እንኳን ደስ ያለህ በይልኝ፣ ለሹመቱ ነው፣ ሌላ ነገር አላልኩም። እዚያው ወንበር ላይ ይሸብት። እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረ ዕለትም፣ ልክ እሱን የመሰለ ተማሪ ከጎኑ አይጥፋ።