የጨርቁ ተራራ

ይህን ለመዘምራን ጓደኞቼ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ለንደን ውስጥ ኤድመንተን የሚባለው ሰፈር ስኖር የጄይን ሃይማኖት ተከታይ የሆነች ሕንዳዊት ጎረቤቴ በበዓላቸው ቀን ወደ ቤተ መቅደሳቸው ይዛኝ ሄደች። አገራቸው ውስጥ፣ በቤተ መቅደሶች የተሞላ ጥንታዊ ተራራ አለ፤ ምእመናኑ በባዶ እግራቸው ይወጡታል። መሄድ ያልቻለ ግን እዚሁ ለንደን፣ ትልቅ ጨርቅ ላይ ለተሳለው ተራራ ይሰግዳል። እኔ ደግሞ ሥዕል ሳይ ልማዴ ነውና ጎንበስ ብዬ ሳምኩት።

«በስመ አብ! ምኑን ነው የምትሳለሚው አንቺ?» አለኝ ከኋላዬ አንድ ድምፅ በአማርኛ። ዞር ስል እትዬ የሺ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ቆመው ያለ ነጠላ የመጣችውን ሁሉ የሚመልሱት። ከመዘምራን ሊያስወጡኝ ነው ብዬ ክው አልኩ።

«እርስዎስ፣ እትዬ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«እኔማ ሥራዬ ነው! የምንከባከባቸውን ሴትዮ በዊልቼር አምጥቼ ነው።»

«ግንባርዎ ላይ እንደ ምእመናኑ የተቀቡት ቢጫ ቀለምስ?»

በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉት። «ሲቀቡኝ እምቢ ማለት ነውር ሆኖብኝ ነው» አሉና ግራ ቀኙን አይተው ክንዴን ያዙኝ። «በይ፣ አልተያየንም። አሁን ነይ ምሳ እንብላ፤ እነዚህ ሥጋም እንቁላልም አይነኩም፣ እርጎውን ካለፍሽው ንጹሕ የጾም ነው።»