«ለማርያም ተስዬ የጣልኩት ክኒን»

ካርቱም ውስጥ ከማዮ ሰፈር ወደ ሪያድ ሰፈር በሚሄደው የከተማ አውቶብስ፣ በሃፍላው፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሐበሾች፣ አንዷ ነፍሰ ጡር፣ አንዷ ጠና ያለች፣ የተዋወቁት እዚያው ወንበር ላይ ነው።

«እህቴ፣ በዚህ ሙቀት ምን ያንቀጠቅጥሻል? ወባ ነው?»

«አይደለም እትዬ። ትራማዶል፣ የሕመም ማስታገሻ ክኒኑን፣ ትቼ ነው።»

«መቼ?»

«ትላንት። ለወገቤ ብዬ ጀምሬው፣ ያለሱ ልብስ ማጠብ አቃተኝ። ለማርያም ተሳልኩና ያለኝን ሁሉ ሽንት ቤት ጣልኩት።»

«በአንዴ?»

«ስለት እኮ ነው! ግማሽ ይሳላል እንዴ?»

«እኔም እንዳንቺ በአንዴ ትቼ፣ በሰባት ወሬ ምጥ ጀመረኝ። ምጡን አስቁማ የደረሰችልኝ የክሊኒኩ ዱክቶራ ናት። ሆድሽ ውስጥ ያለውም ለምዶታል፤ እኛ እያየንሽ ቀስ በቀስ ትቀንሻለሽ አለችኝ።»

«የመኖሪያ ወረቀት የለኝም። ለፖሊስ ብትነግርብኝስ?»

«የእኔን ለማን ነገረች? ክኒኑን እንደወሰድኩ ስለምታውቅ እኮ ነው፣ ስወልድ ሕፃኗን ክሊኒክ አስተኝታ የተከታተለቻት። አሁን ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጎረቤቱ በጩኸቷ ተማሯል።»

ነፍሰ ጡሯ ሳቀች።

«ማርያምስ?»

«ማርያም እናት አይደለችም እንዴ? እሷ ትታገስሻለች። ዱክቶራዋ ግን ከቀትር በኋላ የለችም፤ ክሊኒኳ እዚሁ ፊት ለፊት ነው።»

«ሥራዬስ?»

«ኢንሻአላህ ነገም አለ። ያላ፣ አብሬሽ እወርዳለሁ።»

ነፍሰ ጡሯ ራሷ እንደ አገሩ ልማድ ጣቷን አጩኻ ሃፍላውን አስቆመች።

ሁለቱ ተደጋግፈው ሲወርዱ፣ እኔ ለነፍሰ ጡሯ ሚስቴ ወገብ ብዬ የገዛሁትን ያንኑ ክኒን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ነበር።