ከደረቀው የባሕር ሣር በታች

ሚንዬ፣ ነይ እስቲ እዚህ ጥላው ሥር ተቀመጪ። ጉሙ ዛሬ በጊዜ ገፈፈልን አይደል? እኔ ሽንኩርቱን ልክተፍ፣ አንቺ ድንቹን ላጪልኝ። ከከተማችን ከሬሆቦት ስንወጣ እንዲህ የምስቅ አልመሰለኝም ነበር። በባሕሩ ዳር በጨው የተደለደለውን መንገድ ቀስ እያልን፣ ባሻን ቦታ እየቆምን፣ አሸዋው ላይ ሻይ እያፈላን... ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ያቺ ቀበሮ እንኳ ጫማዬን ወስዳ፣ አገላብጣ አይታ፣ ጥላልኝ ሄደች። ሽታው ይሆን ያባረራት? ውይ ሳቅ!

ምነው፣ ድምፄን ልቀንስ? እሳቱ ዳር ያሉት ሰው እንዳይሰሙ? ቢሰሙስ... እኔ ክፉ አላወራ።

ላግባሽ ብለውሽ፣ ሬሆቦት ስንመለስ መልሴን እነግራቸዋለሁ ብለሻል አሉ። እሰየው! እኔ ምን አገባኝ፣ እህትሽ ብቻ ነኝ። ባልሽ ያዕቆብ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሞተ ወዲህ አንድ ጣሪያ ሥር ነው የኖርነው። ብትሄጂ ቤቱ ይጨንቀኛል፣ አልዋሽሽም። ግን ለእንዲህ ያለ ሰው ያልተሄደ ለማን ሊኬድ ነው?

ደግሞ ፍቅር ያውቃሉ። ያዕቆብ በገዛ እጁ ቆርጦ በይዶ፣ አልጋና ምድጃ የገጠመላትን መኪና ሲያሻሿት አይተሻል? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እሳቸው ግን ባለቤቷን በጣም ስለሚያከብሩ... በሯን፣ ጎማዋን፣ ሞተሯን ሁሉ ይነካካሉ። ለመሆኑ “ስንጋባ ቀለምሽን እንቀይራለን” ያሉት ለማናችሁ ነው? ዓይናቸው ወደ መኪናዋ ስለነበር ግራ ገብቶኝ ነው።

ዕውቀታቸውስ! እኛ የድሮ ሰዎች፣ የደረቀ የባሕር ሣር ከተደረደረበት በታች መኪና አይቆምም ተብለን ነው ያደግነው። “ባሕሩ እዚህ ድረስ መጥቼ ነበር፣ እመለሳለሁ ብሎ ያስቀመጠው ምልክት ነው” ይለን አልነበር አባባ? እሳቸው ግን አንዴ ባሕሩን አዩና “አይመጣም” ብለው መኪናዋን ከሣሩ በታች አቆሟት። አይመጣም ካሉ አይመጣማ! ከወንበር ሳይነሱ የዓሣ ማጥመጃቸውን ለመወርወርም ይመቻል። ትልቅ ሰው በአሸዋ ላይ ምን ያንገላታዋል?

እና የትናንትናዋ የምሳ እንቅልፍ! አንቺ እንደ ሕፃን ለጥ ብለሻል። እኔ እግሬ ሲርስብኝ ብነቃ፣ ባሕሩ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ሳህኖቻችን ወለሉ ላይ ይዋኛሉ፤ ድስታችን በሩን አልፋ ወደ ብራዚል ጉዞ ጀምራለች። በመስኮት ብመለከት... እሳቸው የአሸዋው ክምር ጫፍ ላይ ደርሰዋል። ማጥመጃ ዘንጎቹ በብብታቸው፣ የሥጋው ሣጥን በትከሻቸው፣ የሥጋ መቆንጠጫው በእጃቸው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ያለው ማን ነበር? ከእሳቸው አንዲት ቋሊማ እንኳ አልወደቀችም!

መቆንጠጫውንማ እንዴት ይተዉት? በእኛ ዘንድ እሳት ዳር መቆንጠጫ የጨበጠ ነው ጌታ። ሌላ ሰው ሥጋውን ቢያገላብጥበት ነውር ነው። ወንድ ልጅ ክብሩን ጥሎ ይሮጣል እንዴ? ሌላው ነገር እንደሆነ... ይተካል።

ደግሞ መች ረሱን! ከላይ ሆነው እጃቸውን እያወናጨፉ “መኪናዋን! መኪናዋን!” ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኛን ማለታቸው ነው እንጂ... ውስጧ ነበርን አይደል?

እኔ መሪውን ይዤ፣ አንቺ በመኝታ ልብስሽ ከኋላ እየገፋሽ፣ እንደ እብድ እየሳቅን አወጣናት። እሳቸውም ወርደው፣ ምን ያህል አሳቢ እንደሆኑ ተመልከቺ፣ ገና ሳይደርሱ “ሞተሯ ውኃ ገባው?” አሉ። አንቺ ጉልበትሽ ይደማ ነበር። ጉልበት ደግሞ ራሱ ይድናል፣ ሞተር ነው የማይድነው።

ሳቁ እስካሁን አለቀቀኝም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉ የለ? ግን ልንገርሽ ሚንዬ፣ ትናንት ፈርቼ ነበር። ስቀሰቅስሽ፣ ስቀሰቅስሽ አልነቃ ስትዪኝ፣ እናቴን ጠራሁ። እሺ... አታልቅሺ፣ ሽንኩርቱን የምከትፈው እኔ ነኝ።

ድንቹ ይበቃል። እንግዲህ እሺ ማለትሽ ካልቀረ፣ የታላቅነቴን ምርቃት ከአሁኑ ልስጥሽ። ሌላው ሰው ሁሉ የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ ይላችኋል፤ እሱ የተለመደ ነው። እኔ ግን እንደ ኖኅና እንደ ሚስቱ ያኑራችሁ እላለሁ። ያ ሁሉ ውኃ ሲመጣ፣ እሷን ይዞ ነው መርከቡ ውስጥ የገባው።

አሜን በይ እንጂ። እሳቱ ዳር ያሉትም አሜን ይበሉ... እሳቸውን እኮ ነው የመረቅሁት።