እሁድ ፈይሳ ይገባል

የተከበራችሁ ካህናት፣ የእድራችን ዳኛና አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ከሰቃና ከአጋሮ መንገድ ያደከማችሁ ወገኖች፣ የማበጠሪያው ሠራተኞች። እንዲሁም የተከበራችሁ አሰልጣኞች።

አሰልጣኞች ያልኩት ሁላችሁንም ነው። በጅማ ከተማ ራሱን አሰልጣኝ ነኝ የማይል አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሳቸውም ይኸው እዚህ ሳጥን ውስጥ ተኝተዋል።

ለማታውቁኝ፣ ከሊል እባላለሁ። በቡና ማበጠሪያው ጆንያ ሰፊ ነኝ። በማበጠሪያው የኳስ ቡድን ደግሞ ግራ ተከላካይ ነበርኩ፤ ጋሼ ወልደሰማያት ናቸው ያሰለጠኑኝ። ትናንት እድሩ «ከባልደረቦቹ አንድ ሰው ይናገር» ሲል፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርፌ «ከሊል ይናገር» አሉ። «ምን ልበል?» ብላቸው «ያየኸውን» አሉኝ። ያየሁትን እናገራለሁ። ደስ የማይለው ካለ የግቢው በር ክፍት ነው።

ለስላሳ ቃል ይዤ ነበር የመጣሁት። ወላሂ ይዤ ነበር። ግን ቅድም ሳጥኑ እዚህ ሲቀመጥ ከኋላዬ ክርክር ሰማሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ሳጥኑን ማን ይቀበል የሚል ክርክር። ፈይሳ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል። ይኸው ታዩታላችሁ። ከኋላ ያላችሁት ግን ምን አላችሁ? «ፈይሳ አይሁን፣ ትከሻው አይችልም፣ ይለቀዋል» አላችሁ። አንዱ «ጀቤሳ ይግባ፣ እሱ ወጣት ነው» አለ። ሌላው ደግሞ «ፈይሳ ይጀምር፣ ከከበደው ይቀየራል» አለ። ድምፃችሁን አውቀዋለሁ። ከጎል ጀርባ ቆማችሁ ስትጮሁ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ።

እዚህም? የሰውየው ሬሳ ፊት?

እንግዲህ ለስላሳው ቃል ይቅር።

ከሩቅ ለመጣችሁ ልንገራችሁ። ፈይሳ የቡድናችን በረኛ ነበር፤ ጀቤሳ ደግሞ ተጠባባቂው። ከሰቃ ነው የመጣው። የተቀጠረው ለኳስ ነው፤ ጊዜያዊ ሠራተኛ ሆኖ። ሳምንቱን መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይሸከማል፤ እሁድ ጎል ላይ ይቆማል። መጀመሪያ ላይ እንዴት ያለ በረኛ ነበር። ታስታውሳላችሁ? በትከሻችሁ ተሸክማችሁት ከሜዳ ወጥታችሁ ነበር። ከዚያ በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ጥር ላይ የቡና ክምር ተናደበት። ግራ ትከሻው ወለቀ። በወጌሻ ተመለሰ፤ ግን ያ ክንድ ከጆሮው በላይ መውጣት እምቢ አለ። እኔ ፊቱ የምቆም ሰው ነኝ። በግራ በኩል ከፍ ብሎ የመጣ ኳስ ሁሉ ጎል ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው የእናንተ ዘመን የጠባው።

ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለው ሻይ ቤት ትዝ ይላችኋል? ሦስት ጎራ ሆናችሁ ተከፈላችሁ። አንዱ ጎራ «አውጡት» ይላል። ሁለተኛው «አሳርፉት፣ ደካማ ቡድን ሲመጣ ብቻ አስገቡት» ይላል። ሦስተኛው «ይጀምር፣ በእረፍት ሰዓት ይቀየር» ይላል። አቶ ብርሃኔ፣ አሁን ከዛፉ ሥር ጥቁር ክራቫት አስረው የቆሙት፣ የጠረጴዛው ሊቀመንበር ነበሩ። የስኳር ዕቃውን በረኛ ያደርጋሉ። ብርጭቆዎቹን ተከላካይ ያደርጋሉ። እኔ የተሰነጠቀው ብርጭቆ ነበርኩ። አቶ ብርሃኔ በሕይወታቸው ኳስ የነኩት አንድ ቀን ነው፤ ያውም ኳሱ ከሜዳ ወጥቶ ጉልበታቸውን ሲመታቸው። ግን አሰላለፍ ያወጣሉ። የኮሌጅ ልጆችም ነበራችሁ። እናንተ ደግሞ «የሥነ ልቦና ችግር ነው» አላችሁ። ክንዱ አይነሳም፤ እናንተ የሥነ ልቦና ትላላችሁ። «ጫት አብዝቶ ነው» ያለ ነበር። «ሴት ናት» ያለ ነበር። «ጨዋታ ሸጦ ነው» ያለም ነበር፤ እሱ እንኳን ዛሬ አልመጣም፤ ደግ አደረገ።

ጋሼ ወልደሰማያት በሻይ ቤቱ በር ያልፋሉ። አንዱ ተነስቶ «እሁድ በረኛው ማነው?» ይላቸዋል። ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው «እሁድ ፈይሳ ይገባል» ይላሉ። ሌላ ቃል የለም። ያልፋሉ።

እናንተም ትስቃላችሁ። «ደንዝዟል» ትላላችሁ። «የጋብቻ ዝምድና አላቸው» ትላላችሁ። የጎጃሙ ወልደሰማያትና የሰቃው ፈይሳ፣ በምን በኩል?

አጋሮ ሄደን አራት የገባብንን ቀን እናንሳ። በጭነት መኪና ተከትላችሁን መጥታችሁ ነበር። አራቱም በግራ፣ አራቱም ከላይ። ፈይሳ ከሜዳ ሲወጣ የብርቱካን ልጣጭ ወረወራችሁበት። እሱ ምን አለ? ልጣጩን ከትከሻው አራግፎ «ጋሪዳ» አለ። ደህና ነው ማለቱ ነው። ደህና አልነበረም። ፊቱን አይቼዋለሁ።

ስንመለስ ከጋሼ ወልደሰማያት ጎን ተቀመጥኩ። ትንሽ ተጓዝን። ከዚያ «ከሊል፣ አሊን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉኝ።

አሊን ታስታውሱታላችሁ? ወይስ እሱንም በስኳር ዕቃ ነው የምታስታውሱት? የቀኝ ክንፍ ተጫዋቻችን ነበር። ከፈይሳ በፊት በነበረው ዓመት ደከመ። «አውጡት» አላችሁ። ጋሼ አወጡት። ከቡድን የወጣ ጊዜያዊ ሠራተኛ ከማበጠሪያው ይወጣል። ከማበጠሪያው የወጣ ሥራ ፈት ይባላል። ሥራ ፈት የተባለ ወጣት ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈሳል። ይህን እዚህ መካከል የማያውቅ አለ? ቀና በሉ። አንገት መድፋት ምንድነው? አሊ ተወሰደ። መርዶው ከሰሜን ጦር ግንባር መጣ፤ እሱ አልመጣም። እናቱ ሐጂራ ይኸው ከወይዘሮ ትርፌ ጎን ቆመዋል። ሙስሊሟ እናት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ምን አመጣቸው አትሉም? በየዒዱ፣ ከሶላት መልስ፣ በራቸውን የሚያንኳኳ አንድ ሰው ነበር።  ቁጭ ብለው አብረዋቸው ዝም ይላሉ። እኚሁ ሰውዬ ነበሩ።

«እንደ ኳስ ካየኸው ሰዎቹ ልክ ነበሩ» አሉኝ መኪናው ውስጥ። «አሊ ደክሞ ነበር። እንደ ኳስ አየሁት፤ አወጣሁት።» ከዚያ ጅማ መግቢያ ደረስን። ሲወርዱ ነው «እሁድ ፈይሳ ይገባል። አንተ ግራውን ዝጋ» ያሉኝ።

ዝጋ ስላሉኝ ዘጋሁ። በቻልኩት። እግሬ ዛሬም ይመሰክራል።

እናንተስ? እናንተማ ስብሰባ ጠራችሁ። በዚህ አገር ሰው ሁሉ ስብሰባ በዛብኝ እያለ ሲያለቅስ፣ እናንተ ራሳችሁ ስብሰባ ጠራችሁ። አዳራሹ ሞላ። አጀንዳው ምን ነበር? የበረኛው ሂስና ግለ ሂስ። ለገባ ጎል ግለ ሂስ። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ የት አገር ተሰምቷል? ፈይሳን አስነሳችሁት። ላብ በግንባሩ ይወርዳል። ጥር ላይ ክምሩ ሲናድበት ያልፈራ ሰው እናንተን ፈራ። «ያ ነማ» አለ፣ «እናንተ ሰዎች፣ ኳሱ በዚህ በኩል ይመጣል፤ እጄ አይደርስም። ሌላ ምን ልበል?» አቶ ብርሃኔ ተነሱ። «ይህ ግለ ሂስ አይደለም፣ ምክንያት መደርደር ነው» አሉ። አጨበጨባችሁ። ያን ጭብጨባ አልረሳውም። ሰው እንዴት ለእንዲህ ያለ ነገር ያጨበጭባል?

ያኔ ጋሼ ወልደሰማያት ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። «ለገባው ጎል ሁሉ ተጠያቂው እኔ ነኝ» አሉ። «ድክመቴን ተቀብያለሁ። ወደፊት ለማረም ዝግጁ ነኝ።» አሁንም አጨበጨባችሁ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ። ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። «እሁድ ፈይሳ ይገባል» አሉና በሩን ከፍተው ወጡ።

ለምን? አንድ ሰው ተነስቶ «ጋሼ፣ ለምን?» አላለም። ይህን ሁሉ አፍ ይዛችሁ፣ ያን አንድ ቃል አጣችሁት። ከቡድን የወጣ ልጅ የት እንደሚሄድ ታውቁ ነበር። እያወቃችሁ የምትከራከሩት ስለ አሰላለፍ ነበር።

እኔ ለምኑን ልንገራችሁ። ጊዜያዊ ሠራተኛ ዓመት ሲሞላው ቋሚ ይሆናል። ቋሚ ከሆነ ቢጫወትም ባይጫወትም ሥራው የራሱ ነው፤ ማንም ሥራ ፈት አይለውም። የፈይሳ ዓመት የሚሞላው ሰኔ ላይ ነበር። ጋሼ ወልደሰማያት የሚጠብቁት ዋንጫ አልነበረም። ሰኔን ነበር የሚጠብቁት። ስንሸነፍ፣ ስንሰደብ፣ ልጣጭ ሲወረወርብን፣ እሳቸው ሰኔን ይጠብቁ ነበር።

ሰኔ ደረሰ። ፈይሳ ቋሚ ሆነ። በዚያው ሳምንት ጋሼ በሻይ ቤቱ በር አለፉ። «እሁድ ማነው?» አላችኋቸው፤ ለማላገጥ። «እሁድ ጀቤሳ ይገባል» አሉ።

ምን ሆናችሁ? ዘለላችሁ። ብርጭቆ ሰበራችሁ። አቶ ብርሃኔ መንገድ ድረስ ወጥተው እጃቸውን ጨበጡና «በመጨረሻ ሰሙን» አሏቸው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።  ጋሼ ምን መለሱ? «ልክ ነበራችሁ» አሉ። ፈገግ ብለው፣ «ልክ ነበራችሁ።» አሸነፍን ብላችሁ ከረማችሁ። ክረምቱ ሳይወጣ የማበጠሪያው ሹሞች «ብዙ ተሸንፏል» ብለው ከአሰልጣኝነት ሲያነሷቸውም አጨበጨባችሁ። ከዚያ በኋላ ጨዋታ የሚያዩት ከገመዱ ውጭ፣ ከእናንተ ጋር ተጋፍተው ነበር። ከኋላቸው ሆናችሁ አሰላለፍ ታስተምሯቸው ነበር። እሳቸውም ያዳምጣሉ። ጨዋነታቸው አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር።

«ለምን አይነግሯቸውም?» አልኳቸው አንድ ቀን። «ብነግራቸው ዘዴው ይታወቃል፤ ለሚቀጥለው ልጅ ምን ይቀራል?» አሉ። ከአሰልጣኝነት ተነስተዋል፤ ግን አሁንም የሚቀጥለውን ልጅ ያስባሉ። ዛሬ የምናገረው ፈይሳ ለውትድርና የሚታፈስበት ዕድሜ ስላለፈ ነው። እሳቸውንም ከእንግዲህ የሚያነሳቸው ስብሰባ የለም። እኔን የሚፈልግ ካለ ጆንያ ስሰፋ ያገኘኛል።

አሁን ታለቅሳላችሁ። አቶ ብርሃኔም መሀረብ አውጥተዋል። አልቅሱ። ግን እወቁት፤ እኚህ ሰው በእናንተ ዘንድ የተሸነፉ አሰልጣኝ ናቸው። በሰቃ አንዲት እናት ዘንድ ግን ልጇ በሕይወት አለ፤ ከእግዜር በታች በእሳቸው ነው። እኔ የማውቀው ውጤት ይሄ ነው።

ጋሼ ወልደሰማያት። እንግዲህ እርስዎን ላናግርዎ። እነዚህ ሰዎች አልተለወጡም፤ ከኋላ ሆነው አሁንም አሰላለፍ ያወጣሉ። እኔ በእርስዎ ፊት አልተከራከርኳቸውም፣ ስለማይወዱ። ዛሬ ግን አላስቻለኝም። ይቅር ይበሉኝ። ወይዘሮ ትርፌን እኛ አለንላቸው። ሐጂራንም በዒዱ እኔ አንኳኳለሁ፤ እንደ እርስዎ ዝም ማለት ባልችልም እቀመጣለሁ። አላህ ማረፊያዎን ያሳምረው። ደህና ይረፉ፣ ጋሼ።

ካህናት፣ ይፍቱኝ፣ ጨርሻለሁ። ገመዱን አቀብሉን። ጀቤሳ፣ አንተ ከላይ ያዝ። በግራ በኩል እኔ አለሁ፤ ግራውን እዘጋለሁ። ከኋላ ያላችሁ ዝም በሉ።

ፈይሳ ይገባል።