የዘይት ሰልፍ

ስታትስቲክስ በኦንላይን መማር ከጀመርኩ ሳምንት አልሞላኝም። የመጀመሪያው አሳይመንት ሠላሳ ሰው ታክሲ ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ ጠይቆ መጻፍ ነው። ደብተሬን ይዤ ቃሊቲ ታክሲ ተራ ሄድኩ። ሁለት ሰው ጠይቄ ቀና ስል ከፊቴ ሰልፍ ተይዟል። ከፊት የቆሙ አንዲት እናት «የዘይት ምዝገባ ነው?» አሉኝ።

«አይ እናቴ፣ ለትምህርቴ ነው። ታክሲ ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቁ ብቻ ይንገሩኝ።»

«ደቂቃውን ተዪውና ስሜን ጻፊ። ባለቤቴን አሞት ተኝቷል፣ እሱንም ጻፊልኝ።»

ስም አያስፈልግም ብል ማን ይስማኝ፤ ከኋላ ያሉት «የእኛንስ?» ይሉኝ ጀመር። የሁሉንም ስም ጻፍኩ፤ ደቂቃ የነገረኝ ግን ከሁለቱ ሌላ አልነበረም። በማግስቱ እንደገና ልጠይቅ ስመለስ እኚያው እናት ከሰልፉ ፊት ቆመዋል።

«አርባ ደቂቃ ጠበቅንሽ» አሉኝ።